የወረፋው ሳምንታት ይሠራባቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ካንሰር ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ መድኃኒቱ ዋጋና ስለ ወረፋው ነው። ተራ የሚጠበቅባቸው ሳምንታት ግን ሰውነትንና አእምሮን ለሕክምናው ለማዘጋጀት ብዙ ሊሠራባቸው ይችላል።

ጥርስ ይቅደም። አፍ ወይም አንገት አካባቢ ጨረር የታዘዘለት ሰው የተበላሸ ጥርሱን ማስነቀል ያለበት ሕክምናው ከመጀመሩ ቢያንስ 2 ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ጨረር የመንጋጋ አጥንትን የደም ዝውውር ስለሚያዳክም፣ ከዚያ በኋላ የተነቀለበት ቦታ አልድን ሊል፣ አጥንቱም ሊሞት ይችላል። ኬሞቴራፒ (የካንሰር ሴሎችን የሚገድል መድኃኒት) ለሚወስድም ቢሆን፣ ነጭ የደም ሴል ሲወርድ መግል የያዘ ድድ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም አይታለፍ፤ ኬሞቴራፒው ተደብቆ የቆየውን ቫይረስ ቀስቅሶ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል።

ምግብን በተመለከተ፣ ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ 60 ኪሎ የሚመዝን ታማሚ በቀን ከ72 እስከ 90 ግራም ፕሮቲን ቢያገኝ ይመከራል። አንድ እንቁላል የሚሰጠው 6 ግራም ገደማ ብቻ ነው። አጥሚት ብቻውን የትም አያደርስም፤ ወተት፣ ወፈር ያለ ሽሮና ምስር ይታከልበት። ጾም ከገባ የነፍስ አባትን ማማከር ነው። አቅም እስካለ ድረስም በቀን 30 ደቂቃ፣ ከከበደም ሦስት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ፣ ፈጠን ብሎ መራመድ።

የአእምሮ ዝግጅቱን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ነው፣ ያውም በፍቅር። «ጨጓራ ነው» ተብሎ ካንሰሩ የተደበቀበት ሰው፣ ኬሞ ወስዶ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ሲደርስ ሳይነጋ ሆስፒታል መድረስ እንዳለበት በምን ያውቃል?

ከሰላምታ ጋር