ባክቴሪያ ውስጥ የተኛው ቫይረስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ቫይረስ በጻፋችሁ ቁጥር አነባለሁ። ወሬው ግን ሁሌም በሽታና ክትባት ነው። ያስፈልጋል፣ አልክድም። ቅር የሚለኝ ጂኖች እንደ መብራት እንዴት እንደሚበሩና እንደሚጠፉ ካስተማሩን አንዱ ቫይረስ መሆኑን አንድም ቀን አለማንሳታችሁ ነው። እስቲ ስለ ፍራንሷ ዣኮብ ልንገራችሁ።

ዣኮብ ፈረንሳዊ ነው። የቀዶ ሕክምና ሐኪም ለመሆን እየተማረ ሳለ ጦርነት መጣና እ.ኤ.አ. በ1940 ትምህርቱን ጥሎ ከነፃ ፈረንሳይ ጦር ጋር ዘመተ። በ1944 ኖርማንዲ ላይ ክፉኛ ቆሰለ፤ የቀዶ ሕክምናው ነገር በዚያው ቀረ። ኋላ ፓሪስ ወዳለው የምርምር ተቋም፣ ፓስተር ኢንስቲትዩት፣ ሄዶ ተመራማሪውን አንድሬ ልዎፍን ሥራ ለመነ። ልዎፍ ደጋግሞ ከመለሰው በኋላ፣ በ1950 አንድ ቀን ስለ ፕሮፋጅ አነሳለትና ተቀበለው። ዣኮብ ቃሉን አያውቀውም። እሺ ብሎ ወጣና መዝገበ ቃላት ውስጥ ሊፈልገው ሄደ። 30 ዓመቱ ነበር! አልፎብኛል ብለው ተስፋ የሚቆርጡ ተማሪዎቼ ትዝ ይሉኛል።

ፕሮፋጅ ባክቴሪያ ውስጥ የተኛ ቫይረስ ነው። ዲኤንኤው ከባክቴሪያው ዲኤንኤ ጋር ገጥሞ ዝም ይላል፤ ባክቴሪያው ሲከፈል አብሮ ይወረሳል። አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ግን ይነቃል፣ ይራባል፣ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ባክቴሪያዎቹ ይፈነዳሉ፤ በባክቴሪያዎቹ ደፍርሶ የነበረው ብልቃጥ ጥርት ይላል። ታዲያ እስከዚያ ማን ዝም አሰኘው?

በዚያው ኮሪደር ሌላኛው ጫፍ ሌላው ተመራማሪ ዣክ ሞኖ የራሱ ጥያቄ ነበረው፤ ባክቴሪያ ላክቶስ (የወተት ስኳር) የሚሰብረውን ኢንዛይም በብዛት የሚሠራው ላክቶስ ሲያገኝ ለምንድን ነው? በ1958 ዣኮብ ፓሪስ ውስጥ ሲኒማ ቤት ተቀምጦ ሳለ ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መሆናቸው ብልጭ አለለት። በሁለቱም ቦታ አንድ አጋጅ ነገር ዲኤንኤው ላይ ተቀምጦ ጂኖቹን ዘግቷል። ለሞኖ ወዲያው አልተዋጠለትም። በ1961 ግን ሐሳቡን አብረው አሳተሙ፤ በ1965 ከልዎፍ ጋር ሦስቱም ኖቤል ተሸለሙ። አጋጁ አርኤንኤ ሊሆን ይችላል ብለው ነበር፣ በ1966 እና በ1967 ሌሎች ተመራማሪዎች ነጥለው ሲያወጡት ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። እኔ ይህን ስህተታቸውንም ክፍል ውስጥ አስተምራለሁ።

በሚቀጥለው ስለ ኤችአይቪ ስትጽፉ ሴል ውስጥ ተኝቶ ስለሚቆየው ቫይረስም ጻፉልን። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ተመልሶ የሚነሳው ከዚያ ነው።

አንድ የባዮሎጂ መምህር