ግልጽ ደብዳቤ፦ ምንም እንደማላውቅ በማኅተም ይረጋገጥልኝ

ሚያዝያ 2013 ዓ.ም.
ደምበጫ፣ ምዕራብ ጎጃም

ትምህርት ቤት ለሚዘጋውም ለሚከፍተውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት

ጉዳዩ፦ አለማወቄን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

እኔ ደምበጫ ውስጥ ባዮሎጂ የማስተምር የመንግሥት መምህር ነኝ። ስሜን ያልጻፍኩት ፈርቼ አይደለም። ስሜ ከተጻፈ ነገ ጠዋት ሻይ ቤት ውስጥ "አላልኳችሁም? ይኸው ከላይ ካሉት ጋር ይጻጻፋል" መባሉ ስለማይቀር ነው። ለእናንተ እንድጽፍ ያደረገኝም ይኸው ጣጣ ነው። በኮሮና የተነሣ ትምህርት ቤት መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት፣ መንገዱና ገበያው መቼ ቀጥ እንደሚል መምህር ሁሉ ቀድሞ ያውቃል ተብሏል። እኔ ደግሞ ባዮሎጂ ስለማስተምር መንግሥትንም ቫይረሱንም በቅርብ የማውቅ ነው የሚመስላቸው።

ዘንድሮ ከየካቲት ወዲህ በኮሮና የሚያዘው ሰው እየበዛ፣ የጽኑ ሕሙማን ነገር በቴሌቪዥን እየተደጋገመ ሲመጣ ጥያቄው እንደ አዲስ ተነሣ። "መምህር፣ ይዘጋል እንዴ?" የባጃጁ ሾፌር ይጠይቀኛል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚያልፈው አውቶቡስ ምሳ ሊያበላ ሲቆም ረዳቱ ይጠይቀኛል። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ማጅራቴ ላይ አሳርፎ ይጠይቀኛል። በዚያች ሰዓት "አላውቅም" ለማለት ምን ያህል ወኔ እንደሚያስፈልግ እናንተው ገምቱት።

ሰሞኑን ደመወዝ እንደወጣ ሱቅ ገብቼ ሁለት ኪሎ ስኳርና ባለ ሦስት ሊትር ዘይት ገዛሁ። ባለሱቁ ስኳሩን እየመዘነ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

"ዛሬስ በዛ አደረግኸው፣ መምህር?"

"ደመወዝ ወጥቶ ነው።"

"እሱማ ነው" አለና ጠቀስ አደረገኝ።

ከሱቁ እስከ ቤቴ አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ወሬው ግን በአቋራጭ ሄዶ ቀድሞኛል። ግቢ ስገባ አከራዬ ጤፍና ዳጉሳ ደባልቀው ግማሽ ኩንታል ያህል ለወፍጮ እያስጫኑ ናቸው።

"ምነው እማማ፣ በጾም ድግስ አለ እንዴ?"

"ኧረግ! አንተ አይደለህ እንዴ የምታውቀው!"

"እኔ ምን አልኩ?"

"ምንም አላልክ። ዝም ማለትህ አይደል ያስጨነቀኝ!"

እንግዲህ አገሩ ጎጃም መሆኑን አትርሱ። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ የተባሉት የቅኔ ቤቶች ያሉበት አገር ነው። እዚህ ሰው ነገር ሲነገረው ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ነው የሚፈልገው። ቅኔ ቤት ያልዋለውም ቢሆን ከዋለ ሰው ጋር ጠላ ጠጥቷል። በዚህ አገር መሃል ቆሞ "አላውቅም" ማለት ምን ይጠቅማል? "አላውቅም" ሰሙ ነው። "እንዳልናገር ታዝዣለሁ" ደግሞ ወርቁ። አንድ ቀን ዴስክ ውስጥ የተተወ ደብተር አይጥ ቢበላው ተማሪዎቼን "ደብተራችሁን ወደ ቤታችሁ ውሰዱ" አልኳቸው። ማታውን ጠላ ቤት ተፈታ፤ "ደብተር ቤት ይግባ ማለት ትምህርት ቤት ይዘጋ ማለት ነው" ብለው አንድ ደብተራ አመሠጠሩት አሉ። አይጧ በዚህ ትርጓሜ ውስጥ ቦታ አላገኘችም።

አሁን ማስረጃዬን ላቅርብ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዓርብ ዕለት፣ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። ሰኞ መጋቢት 7 እኔ እንደ ወትሮዬ ጠመኔዬን ይዤ 9ኛ ክፍል ገባሁ። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ሰሌዳው ላይ፣ በስተቀኝ ጥግ፣ በትልቁ "ረቡዕ ቴስት አለ" ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ "ቲቸር፣ ኮሮና ገብቷል ይባላል፤ ትምህርት አይዘጋም?" አለኝ። "ኮሮና ከቴስት አያድንህም" አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም በራሴ ቀልድ ረክቼ ወጣሁ።

ትምህርት ቤት ለ15 ቀን እንደሚዘጋ የተነገረው በዚያው ዕለት ነው። ከማን ሰማሁ መሰላችሁ? ከርዕሰ መምህሩ አይደለም። ከወረዳ በመጣ ደብዳቤም አይደለም፤ ደብዳቤው ከላይ ወደ ታች በየደረጃው ማኅተም እየለቃቀመ ነው የሚመጣ። በር ላይ ቆሎ ከምትሸጠው ሴትዮ ነው የሰማሁት። ሬዲዮኗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ "መምህር፣ ዕረፍት ወጣችሁ አይደል?" አለችኝ። ተከራከርኳት። "ወሬ ነው፤ ረቡዕ ቴስት አለኝ" አልኳት። እሷም ምንም ሳትል የሁለት ብር ቆሎ ሰፍራ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ለአላዋቂ እንደሚታዘነው ትንሽ ምራቂም ጨመረችልኝ።

ያ 15 ቀን ሰባት ወር ሆነ። በጥቅምት 2013 ትምህርት ሲጀመር ያንኑ ክፍል ከፈትነው። አቧራው ዴስኩ ላይ ጣት ያስጽፋል፤ አንዱ መስኮት ተሰብሮ ወፍ ጎጆ ሠርታለች። ሰሌዳው ላይ የእኔው ጽሑፍ እንዳለ ቁጭ ብሏል፦ "ረቡዕ ቴስት አለ።" ከሥሩ ሁለት መስመር። ያ የኋላው ልጅ፣ አሁን ቁመቱ ከእኔ በልጦ፣ ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ አደረገና፣ "ቲቸር፣ የትኛው ረቡዕ?" አለኝ።

(ስለ ማስኩ ካነሣሁ አይቀር፦ ማስክ ማድረግን የሚያስገድደውን መመሪያ ቁጥር 30/2013ን በር ላይ እናስከብራለን። አንዱ ተማሪ ማስክ አድርጎ ይገባና በአጥሩ ቀዳዳ ለውጪው ጓደኛው ያቀብለዋል። እሱም አድርጎ ይገባና ለሦስተኛው። አንድ ማስክ ሰባት ልጅ ሲያስገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ባዮሎጂ ስለማስተምር ይህን ማየት ለእኔ የተለየ ሕመም አለው።)

ሁለተኛው ማስረጃዬ ሥራ ባልደረባዬ ነው። አገሩ ቲሊሊ ነው። "ለ15 ቀን አይደል" ብሎ ሁለት ሱሪና ያልታረመ የፈተና ወረቀት ይዞ ሄደ። በዚያው በመጋቢት ማብቂያ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ቲሊሊ ለ14 ቀን እንቅስቃሴ ሲከለከልባቸው እሱ ልክ መሃሉ ላይ ተገኘ። ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ከየትኛውም የጎጃም ከተማ መርጦ፣ ከሚዘጉት አራት መሃል በአንዱ፣ በሁለት ሱሪ ይገባል? ይህን ለአንድ አዛውንት ጎረቤቴ ባስረዳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አይ፣ መምህርስ ያውቃል። የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ የእኛ መምህር ቀድሞ ያውቅ ነበር።"

"በምን ዐወቁ አባ?"

"አብሮን ዘመተ እኮ! ካላወቀ ምን ብሎ ይዘምታል?"

በታኅሣሥ 1967 መምህሩም እንደ ተማሪው ታዝዞ እንደዘመተ ላስረዳቸው ሞከርኩ። "እንግዲህ አንተም ያው ነህ" ብለው ነገሩን ዘጉት።

ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ ግን አይጠፋኝም። በዚያ ሰባት ወር የእኔ ደመወዝ አልተቋረጠም። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጣል ተብሎ እኔ ቤቴ ስቀመጥ፣ የቀን ሠራተኛው ቀኑ ቀረበት፣ ሹፌሩ መኪናው ቆመበት። ሰው አንዱ ብቻ ሳይነካ ሲቀር "ይሄማ ቀድሞ ተነግሮታል" ቢል አልፈርድበትም። ያቺ ወሬውን ከእኔ ቀድማ የሰማች ቆሎ ሻጭ ገበያዋ ተማሪ ብቻ ነበር፤ ተማሪው ሲቀር ምጣዷን ሰቀለች። አሁን "ይዘጋል እንዴ?" ስትለኝ ሽምብራውን በኩንታል ትግዛ ወይስ በኪሎ መወሰኗ ነው። በኩንታል ገዝታ ቢዘጋ ነቀዝ ይበላባታል። በኪሎ ገዝታ ባይዘጋ ትርፏ ይቀርባታል። እኔ ደግሞ ቆሜ "አላውቅም" እላታለሁ፤ እሷም ወርቁን ፍለጋ ዓይኔን ታያለች።

እስካሁን የቀለድኩትን ቀልጃለሁ። ቀጥሎ ያለውን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ባለፈው የገበያ ቀን አንድ አባት መንገድ ላይ ጠበቁኝ። ልጃቸው 9ኛ ክፍል እኔው ጋ ትማራለች፤ 15 ዓመቷ ነው፤ ስለ ሴል ክፍፍል ስጠይቅ መጀመሪያ እጇን የምታወጣ ልጅ። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"መምህር፣ በእግዜር ይሁንብዎ እውነቱን ይንገሩኝ። ይዘጋል?"

"አላውቅም አባቴ።"

"ካልተዘጋ ትማር። ከተዘጋ ግን … ሽማግሌ ልከውብኛል። ለፋሲካ መልስ ይፈልጋሉ።"

በጥቅምት፣ ከሰባት ወር በኋላ ክፍሉን ስንከፍት ሦስተኛው ዴስክ ላይ ይቀመጡ ከነበሩት ሴት ልጆች ሁለቱ አልመጡም። የት ሄዱ ብዬ ስጠይቅ ልጆቹ ዝም አሉ፤ ከዚያ አንዷ "ተዳሩ" አለች። ስለዚህ ለኚህ አባት ሕጉን ነገርኳቸው፤ 18 ዓመት ሳይሞላት መዳር ወንጀል እንደሆነ፣ እንደሚያስጠይቅ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ፤ ያመኑኝ ግን አልመሰለኝም። ሕግ ለእሳቸው ሩቅ ነው። ያን ጊዜ ያላሰብኩት ነገር ከአፌ ወጣ።

"አይዘጋም" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። "ሰምተዋል?"

"አይዘጋም አልኩዎት።"

ከማን ሰማህ አላሉኝም። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና "እግዜር ይስጥልኝ፣ እንግዲያስ ለክረምቱ እናያለን" ብለው ወደ በርበሬ ተራው ሄዱ። እኔ መሃል ገበያ ላይ፣ በእናንተ ስም ዋሽቼ ቀረሁ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ልትዘጉ ከሆነ ቀኑን ንገሩን፤ ገበሬው ከእርሻ በሚገባበት ሰዓት፣ በሬዲዮ፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነ ጨምራችሁ። ለ15 ቀን ብላችሁ ሰባት ወር ሊሆን የሚችል ከሆነ "ሊረዝም ይችላል" የምትል አንዲት ቃል አስገቡበት። ካልወሰናችሁ ደግሞ "አልወሰንንም" በሉ፤ በራሳችሁ አፍ። ዝም ስትሉ ይህ አገር ዝምታችሁን ይፈታዋል፤ ሲፈታውም ወደ እኔ ነው የሚመጣው፤ ከመንግሥት ወገን መንገድ ላይ ኮቱን ይዘው የሚያቆሙት እኔን ብቻ ነውና።

ይህ ሁሉ የማይቻል ከሆነ ቢያንስ የሚከተለውን ደብዳቤ በቁጥርና በማኅተም አስደግፋችሁ ላኩልኝ፤ በኪሴ ይዤው እዞራለሁ፦

"ለሚመለከተው ሁሉ። የዚህ ደብዳቤ ባለቤት መምህር ስለ ትምህርት ቤት መዘጋት፣ መከፈት፣ ስለ እንቅስቃሴ ገደብም ሆነ ስለ ዘይት ዋጋ ከዚህ መሥሪያ ቤት ምንም ዓይነት መረጃ ደርሶት የማያውቅ መሆኑን እያረጋገጥን፣ ስኳር በሚገዛበት ጊዜ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት እንጠይቃለን።"

ማኅተሙ ክብ ቢሆን ደስ ይለኛል። እዚህ በክብ ማኅተም ነው የሚታመን።

ከሠላምታ ጋር
ምንም የማያውቀው መምህር

ግልባጭ፦
ለአከራዬ (ከወፍጮ ቤት ሲመለሱ)
ለባለሱቁ
ለፀጉር አስተካካዩ፣ ምላጩን ካስቀመጠ በኋላ
ለቆሎ ሻጯ (እሷ ቀድማ ሳትሰማው አትቀርም)
ለልጅቱ አባት፦ እባካችሁ፣ ለእሳቸው እንዳይደርስ