አባባ፣ ድመቷን አይመልሷት

ውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ፣ የስኳሩ ነገር እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ስልክ ላይ ሁልጊዜ «ካርድሽ አለቀ» እያሉ ስለሚቸኩሉብኝ በወረቀት መጻፉን መረጥኩ። አይጥ እንድትይዝልዎ ከወፍጮ ቤት ያመጧትን ድመት፣ እጄን ቧጨረችኝ ብለው ሊመልሷት እንደሆነ ሰማሁ። ከድመቷ በፊት ግን ስለ እጅዎ ልናገር። መቧጨር ብቻ ሳይሆን መንከሷንም እህቴ ነግራኛለች። «በአረቄ ጠረግሁት» ማለትዎ ልቤን አላሳረፈውም። የድመት ጥርስ ቀጭንና ሹል ስለሆነ ቁስሉ ከላይ ቶሎ ይገጥምና ውስጡ ያመረቅዛል፤ ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታም ከውሻ ብቻ አይመጣም፣ ድመትም ታስተላልፋለች። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ቀድሞ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። ስለዚህ እህቴ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይዛዎት እንድትሄድ ነግሬያታለሁ፤ እባክዎ እምቢ እንዳይሏት። ወደፊትም እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥም፣ መጀመሪያ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ መታጠብ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ድመቷን አሁን ወደ ወፍጮ ቤቱ አይመልሷት የምልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። የነከሰች ድመት ለ10 ቀን በዓይን ክትትል ሥር መቆየት አለባት። ከእጃችን ከወጣች በኋላ ብትታመምም ብትሞትም የምናውቀው ነገር አይኖርም።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ብለው ነገሩን ዘጉት። ተረቱ ለዚች ለዳልቻዋ አይገባትም፤ ያደረባት ክፋት ሳይሆን ፍርሃት ነው። ድመት ሰውን የምትለምደው በአብዛኛው ከተወለደች ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እርሷ ግን ያደገችው በጆንያዎች መካከል፣ ማንም ሳይዳስሳት ነው። አንድ ቀን በማዳበሪያ ከረጢት ታስራ፣ በባጃጅ ተጭና ኮዬ ፈጬ ደረሰች። የብረት በር ይጮኻል፣ ጎረቤት ሴራሚክ ያስቆርጣል፣ የልጅ ልጅዎ ጭራዋን ይዞ ሊጎትታት ይሯሯጣል። ከቡፌው ጀርባ ገብታ ብትሸሸግ ምን ይገርማል? እዚያም ሆና ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ፣ የዓይኗ ብሌን ጠቁሮ፣ ጭራዋን ነፍታ «እስስ» ስትልብዎ «አትቅረቡኝ» ማለቷ ነበር። የመጥረጊያው እንጨት ሲመጣባት መሸሻ አጣች፤ መሸሻ ያጣች ድመት ደግሞ ትነክሳለች።

ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ከላምና ከበሬ ጋር ቢሆንም ይህን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ፤ እባክዎ ይመኑኝ። ቤቱን በሙሉ አይስጧት። ትንሿን ክፍል ብቻ ይስጧትና በሩን ይዝጉት። የቴሌቪዥኑ ካርቶን ካልተጣለ በጎኑ አጋድመው አሮጌ ነጠላ ያንጥፉበት፤ አፉ ወደ ግድግዳው ይዙር። እ.ኤ.አ. በ2014 በሆላንድ አንድ የእንስሳት መጠለያ ውስጥ አዲስ ከገቡት ድመቶች ለግማሾቹ መደበቂያ ሣጥን ተሰጥቷቸው፣ ሌሎቹ ያለ ሣጥን ቀርተው ሲታዩ፣ ሣጥን ያገኙት ቀድመው ተረጋግተዋል። አንድ ካርቶን ይህን ያህል ይሠራል። ለመጸዳጃዋ በአሮጌ ሳፋ አሸዋ ያድርጉላት፤ አሸዋ እናንተ ሰፈር ሞልቷል። ሳፋው ከምግቧ ይራቅ እንጂ፤ አጠገቡ ካደረጉት ላትበላ ትችላለች።

ከዚያ የእርስዎ ድርሻ መቀመጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ዳዊትዎን የሚደግሙት ሳሎን አይደል? እዚያ ትንሿ ክፍል ውስጥ ይድገሙት። ወንበሩን ከካርቶኑ ራቅ አድርገው፣ ጎንዎን ሰጥተው፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው። አይጥሯት፣ እጅዎንም አይስደዱላት፣ ትኩር ብለው አይመልከቷት፤ ትኩር ብሎ ማየት ለድመት ጠብ መፈለግ ነው። ዓይን ለዓይን ከተጋጠማችሁ ዓይንዎን ቀስ አድርገው ይጨፍኑና ይክፈቱ። መልሳ ከጨፈነችልዎ ጥሩ ምልክት ነው። ሲወጡ ጥቂት የተቀቀለ ሥጋ ትተውላት ይውጡ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ከሆነ ድምፅዎንና ምግቧን አያይዛ ትለምዳለች። ራሷ መጥታ እግርዎን ስታሽትት እንኳ ዝም ይበሉ። መጀመሪያ የምትነካው እርሷ ትሁን።

ስለ ምግቧ አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ፤ ወጥ ያለበት ፍትፍት አይስጧት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ይጎዳሉ። ወተትም ብዙ ትልልቅ ድመቶችን ያስቀምጣል፣ ውኃ ይበቃታል። ከዕቃ ቤቱ መደርደሪያ ሥር ያስቀመጡትን የአይጥ መርዝ ግን ዛሬውኑ ያስወጡልኝ። አዝመራ በተሰበሰበ ቁጥር አይጡ ከማሳው ወደ ቤት እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ድመቷም የመጣችው ለዚሁ ነው። ነገር ግን መርዝ የበላች አይጥን የበላች ድመትም ልትሞት ትችላለች። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው።

ልጁን አይቆጡት፤ ይልቅ ሥራ ይስጡት። ውኃዋን በየማለዳው የሚቀይረው እርሱ ይሁን፣ እርስዎ አብረውት እየገቡ። ትንሽ ልጅ ኃላፊነት ሲሰጠው እንዴት እንደሚጠነቀቅ በእኔ አይተውታል።

በደንብ እየበላች፣ በቀን ብርሃንም ከካርቶኑ እየወጣች ስትመጣ የክፍሉን በር ጥቂት ጥቂት ይክፈቱላት። ከቤት ግን ቢያንስ ለሦስትና አራት ሳምንት አትውጣ። ድመት የለመደችውን ቦታ ፍለጋ ትሄዳለች፤ ወፍጮ ቤቱ ደግሞ ሩቅ አይደለም፣ መንገዱ ላይም መኪናና ውሻ አለ። አንድ ቀን ተሽሏት በማግሥቱ ተመልሳ ከካርቶኑ ብትሸሸግ ተስፋ አይቁረጡ፤ ጎረቤት ግድግዳ በበሳ ቀን ሁሉ እንዲህ መሆኗ አይቀርም።

ለገና ስመጣ የድመት ማጓጓዣ ሣጥን ይዤ እመጣለሁ። ያን ጊዜ ተረጋግታ ከሆነ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወስጄ አስከትባታለሁ፣ እንዳትወልድም አስመክናታለሁ። እስከዚያ ድረስ ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ወሬ ነው፤ ከጤና ጣቢያ እንደተመለሱ እህቴ ትደውልልኝ። ቀጣዩን ክትባት በስንተኛው ቀን እንደሚወስዱ ካርዱ ላይ አይታ ትንገረኝ፣ እኔም እዚህ ጽፌ አስታውስዎታለሁ።

ልጅዎ፣
ከሐዋሳ