ካሜራ ስትገዙ ስለ ቺፑም ጠይቁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። የጥበቃ ካሜራ እገጥማለሁ፣ እጠግናለሁም። እዚህ ፋብሪካውም፣ ሆቴሉም፣ መጋዘኑም ካሜራ እያስገጠመ ነው፤ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢትም እንደዚሁ። ደንበኞቼ የሚጠይቁኝ ግን ያው ነው። ማታ ያሳያል ወይ? ስልኬ ላይ ይገባል ወይ? ሌላ ሰው በኢንተርኔት ሊገባበት ይችላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ብርቅ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የሆነውን ላስታውስ። ሚራይ የተባለ ቫይረስ ከፋብሪካ የወጡበት ፓስወርድ ያልተቀየረላቸውን ካሜራዎች፣ መቅረጫዎችና ራውተሮች በየአገሩ እየለቀመ ተቆጣጠራቸው። በእነሱ የድረ ገጾችን ስም ወደ ኢንተርኔት አድራሻቸው የሚመራው ዳይን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሲጠቃ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሰሉ ገጾች ለሰዓታት አልከፍት አሉ። እኛ ጋ ደግሞ መቅረጫውን ገልብጬ ሳይ ስሙም «አድሚን»፣ ፓስወርዱም «አድሚን» ተብሎ የታተመበት ወረቀት ተለጥፎ አገኛለሁ፤ ዕቃው ከተሰቀለ ዓመታት ቢያልፉም የነካው የለም።

ፓስወርድ መቀየር የዛሬ ሥራ ነው፣ ዛሬውኑ ይሠራ። የሚያሳስበኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ካሜራው ለብዙ ዓመት ይሰቀላል፤ መረጃ ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚመሰጠርበት ዘዴ ግን ያረጃል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት የዛሬውን ምስጠራ ይሰብራል ተብሎ ለሚፈራው ለኳንተም ኮምፒውተር ዘመን ያዘጋጃቸውን ሦስት አዳዲስ የምስጠራ ደረጃዎች በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ አውጥቷል። የምስጠራ ዘዴው ቺፑ ውስጥ ተቀርጾ የቀረ ዕቃ ወደ አዲሱ መሻገር አይችልም። በሶፍትዌር እናድርገው ቢባልም የርካሽ ካሜራ ፕሮሰሰር አቅሙ ትንሽ ነው።

ኤፍፒጂኤ የሚባለው ቺፕ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ውስጡ ብዙ ትናንሽ የሎጂክ ክፍሎችና እነሱን የሚያገናኙ መስመሮች አሉ፤ ምን ዓይነት ሰርኪዩት እንደሚሆኑ የሚወስነው የሚጫንበት ፋይል ነው። ፋይሉ ሲቀየር ሰርኪዩቱ ራሱ ይቀየራል፣ ዕቃው ግን ከተሰቀለበት አይወርድም። ነገሩም ትናንት የመጣ አይደለም፣ የአሜሪካው ቺፕ ሠሪ ዚሊንክስ የመጀመሪያውን የሠራው በፈረንጆች 1985 ነው። በየካሜራው ይግባ አልልም፤ ዋጋውም የሚበላው መብራትም አይቻልም። ካሜራዎቹና ኢንተርኔቱ መሀል በሚቀመጥ አንድ ሳጥን ውስጥ ቢገባ ግን የሁሉንም መረጃ ይመሰጥራል፣ የማያውቀውን ይመልሳል።

ኤፍፒጂኤም ቢሆን እንከን አለው። በ2012 ዓ.ም. የጀርመን ተመራማሪዎች የዚሊንክስ ሰቨን ሲሪስ ቺፖች የሚጫንባቸውን ፋይል ምስጠራ መስበር እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ስታርብሊድ አሉት። ጉድለቱ ያለው ከማይቀየረው የቺፑ ክፍል ስለሆነ በአፕዴት አይጠገንም። ስለዚህ ፋይሉን ማን እንደሚጭን፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ፣ ቺፑም የትኛው ትውልድ እንደሆነ አጥብቆ መጠየቅ የግድ ነው።

የከተማ አስተዳደሮችና ፋብሪካዎች ሆይ፣ የጨረታ ሰነዳችሁ ላይ ስንት ሜጋፒክስል ብላችሁ አትቁሙ። አፕዴቱ ከአምራቹ መምጣቱ በዲጂታል ፊርማ የተረጋገጠ ነው? ለስንት ዓመት ይመጣል? ዕቃው ሳይቀየር ምስጠራው ይቀየራል? እነዚህን ጨምሩ። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ መምህራንም ከላይ ያልኩትን ሳጥን ለተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክት ብታደርጉት ደስ ይለኛል። ለሙከራ የሚሆኑ አሮጌ ካሜራዎችና መቅረጫዎች ሱቄ ውስጥ አሉ፣ መጥታችሁ ውሰዱ።

የካሜራ ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን