ንግሥት ፍለጋ ዶማ ለያዙት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናድጄ ነው የምጽፈው። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከብሎካችን ጀርባ ገና ያልተነካ ባዶ መሬት አለ። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት የሰፈራችን ልጆች ዶማ ይዘው ሲገለብጡት ደረስኩ። ምን ጠፋባችሁ ብላቸው፣ «ጋሼ፣ የጉንዳን ንግሥት እየፈለግን ነው፣ ፈረንጆች በዶላር ይገዛሉ አሉ» አይሉኝም! እስከ ምሳ ሰዓት ሦስት ጎጆ አፍርሰዋል። ንግሥት የሚባል ግን አላዩም፤ እሷ እኮ ታች ጥልቁ ውስጥ ናት፣ ዶማ ሲመጣባት ደግሞ ይብሱን ትሸሻለች።

እኔም ቤቴ ጉንዳን አረባለሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ባለቤቴም «ሰው ዶሮ ያረባል» እያለች ስትስቅብኝ ሁለት ዓመት ሆናት። ግን አንድም ጎጆ አፍርሼ አላውቅም። ንግሥት ከፈለጋችሁ ዝናብ ጠብቁ። ደህና ዝናብ ጥሎ ፀሐይ ብቅ ሲል ክንፍ ያላቸው ሴቶችና ወንዶች ከየጎጆው ይወጣሉ፣ ይገናኛሉ፣ ወንዶቹ ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ። ሴቷ ታርፍና ክንፏን ራሷ ትጥላለች። ከዚያ የምትቆፍረው ቦታ ፍለጋ መሬት ለመሬት ስትኳትን ታገኟታላችሁ፤ እኔ ያገኘኋት ኮብልስቶኑ ላይ ነው። ከሠራተኞቹ ትበልጣለች፣ ክንፍ ተሸክሞ የነበረው ደረቷም ወፈር ያለ ነው።

ምስጥም በዚያው ሰሞን እንደምትበር አትርሱ። የእኔ የመጀመሪያዋ «ንግሥት» ምስጥ ሆና ቁጭ አለች! ሦስት ቀን ሙሉ ስንከባከባት ነበር። የምስጥ ወገብ ወፍራም ነው፣ አራቱም ክንፎቿ እኩል ናቸው። የጉንዳን ወገብ ቅጥን ያለ ነው፣ የፊት ክንፏም ከኋላው ይረዝማል።

ቤቱ ቀላል ነው። አንዲት የላብራቶሪ ብልቃጥ ሲሶዋን ውሃ ሞልታችሁ፣ ውሃው ጋ የሚደርስ ጥጥ ትወትፋላችሁ፣ ንግሥቷን ታስገባላችሁ፣ አፉን በሌላ ጥጥ ትዘጋላችሁ። ከዚያ ጨለማ ቦታ አስቀምጣችሁ ትረሷታላችሁ። ከባዱ ይሄ መርሳቱ ነው። እኔ የመጀመሪያዋን እውነተኛ የጉንዳን ንግሥት ማታ ማታ በስልኬ መብራት እያየሁ አስጨንቄያት የወለደችውን እንቁላል ሁሉ መልሳ በላችው። ምግብም አያስፈልጋትም። የብዙዎቹ ዓይነት ንግሥት በመጀመሪያው ወቅት አትበላም፣ በስቧና ከእንግዲህ በማትፈልገው የክንፍ ጡንቻዋ ነው ልጆቿን የምታሳድገው። ሁለተኛዋን ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጬ ተውኳት። የእኛ ሰፈር ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ብርድ ደግሞ እጮቹን ያዘገያቸዋል፣ እናም ሁለት ወር ተኩል ፈጀባት። አንድ ቀን ባያት አምስት ትናንሽ ሠራተኞች ከበዋታል፣ ሁሉም ሴቶች። በውሃ የቀጠነ ማር በክብሪት እንጨት ጫፍ አቀረብኩ፣ የዝንብ እግርም ጨመርኩ። ያን ቀን ባለቤቴም መጥታ አየች፣ ምንም አልተናገረችም እንጂ።

በነገራችን ላይ፣ በሰልፍ የሚሄደውን ተናካሽ ጉንዳን ለማርባት የምትመኙ ካላችሁ ተዉት። የእሱ ንግሥት ክንፍ የላትም፣ ብቻዋንም ቤት አትመሠርትም፣ ያ ሠራዊት ለሁለት ሲከፈል ነው አዲስ ቤት የሚቆመው።

ወደ ዶላሩ ልመለስ። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ በ2017 ዓ.ም. ሁለት የቤልጂግ ወጣቶች 5,000 የሚያህሉ ንግሥቶች በብልቃጥና በጥጥ አሽገው ተያዙ። ፍርድ ቤቱ አንድ ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ቅጣት ወይም የአንድ ዓመት እስራት ፈረደባቸው። አምስት ሺህ ንግሥት ማለት አምስት ሺህ ሊመሠረት የነበረ ጎጆ ነው። ለልጆቹ ይህን ነገርኳቸው። አንዱ ዶማውን ይዞ ሄደ፣ ሌላው ግን ቤት ድረስ ተከትሎኝ ብልቃጧን አየ። ክረምት ሲገባ አንዲት ብቻ ይዞ ሊሞክር ተስማምተናል፣ ብልቃጡን እኔ እሰጠዋለሁ። ይህችን ደብዳቤ ከዚያ በፊት ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል፣ ሌሎች ዶማ ያነሱም ስላሉ።

አንባቢያችሁ፣ ከኮዬ ፈጬ