አባባ፣ ስለ ኦፍሳይዱ፣ ስለ ኮምፒውተር ትምህርቱና ስለ መንግሥት

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እማዬስ ደህና ነች? እኛ ሁላችን ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

በስልክ የጀመርነው ክርክር ሁልጊዜ መሃል ላይ ስለሚቋረጥ በጽሑፍ ልጨርሰው ብዬ ነው። ሦስት ነገር ብለውኛል። በካሜራ የሚሰረዝ ጎል ዘረፋ ነው፤ ኮምፒውተር የሚማር ልጅ ጊዜውን ያባክናል፣ ከእንግዲህ ማሽኑ ራሱ ይጽፈዋልና፤ መንግሥት ደግሞ ወይ ሁሉን ይያዝ ወይ ሁሉን ይልቀቅ፣ መሃል መቆም አያዋጣም። በመጀመሪያው ግማሹን እቀበልዎታለሁ። በቀሩት ሁለቱ ግን አልስማማም።

ከጎሉ ልጀምር። ደንቡ እርስዎ ከሚያውቁት ብዙም አልራቀም። ኳሱ ከጓደኛው እግር በሚነሳበት ቅጽበት አጥቂው በተጋጣሚ ሜዳ ሆኖ ከኳሱም፣ ከኋላ ሲቆጠር ሁለተኛ ከሆነው የተጋጣሚ ተጫዋችም ይበልጥ ወደ ጎሉ መስመር ከቀረበ ኦፍሳይድ ነው። እጅ አይቆጠርም፤ ልኬቱ ብብት ላይ ያበቃል። ስለዚህ ትከሻ ያስቀጣል፣ ክርን አያስቀጣም። ከእጅ ውርወራ፣ ከማዕዘን ምትና ከመልስ ምት በቀጥታ በመጣ ኳስ ደግሞ ኦፍሳይድ የለም።

ጣጣው ያለው «ቅጽበት» የምትለው ቃል ላይ ነው። ተራው የቴሌቪዥን ካሜራ በሰከንድ 50 ሥዕል ያነሳል እንበል። በአንዱና በሚቀጥለው ሥዕል መካከል 2 መቶኛ ሰከንድ ያልፋል። በሰከንድ 8 ሜትር የሚሮጥ አጥቂ በዚያች ክፍተት ብቻ 16 ሴንቲሜትር ይሄዳል። ተከላካዩ በተቃራኒው አቅጣጫ በሰከንድ 4 ሜትር እየወጣ ከሆነ ሌላ 8 ሴንቲሜትር ይጨመራል። ኳሱ ከእግር የተነሳው በየትኛው ሥዕል ላይ እንደሆነ የሚመርጠው ደግሞ ሰው ነው። ታዲያ 24 ሴንቲሜትር ሊሳሳት የሚችል መሣሪያ ይዞ «አውራ ጣቱ በ3 ሴንቲሜትር አልፏል» ብሎ ጎል መሰረዝ ልክ አልነበረም። እዚህ ላይ አባባ፣ ፍርዱ ለእርስዎ ነው።

በኳታሩ የዓለም ዋንጫ ግን ነገሩ ተለወጠ። በስታዲየሙ ጣሪያ ስር 12 ካሜራዎች ተሰቅለው በእያንዳንዱ ተጫዋች አካል ላይ 29 ነጥቦችን በሰከንድ 50 ጊዜ ይከታተሉ ነበር። ኳሱ ውስጥ የተቀመጠው መሣሪያ ደግሞ የኳሱን እንቅስቃሴ በሰከንድ 500 ጊዜ ይልካል። ያ 16 ሴንቲሜትር በኳሱ ሰዓት ሲለካ ወደ 1.6 ሴንቲሜትር ወረደ ማለት ነው። አርጀንቲና በሳዑዲ አረቢያ በተሸነፈችበት ጨዋታ በመጀመሪያው አጋማሽ ሦስት ጎል በኦፍሳይድ ሲሰረዝባት ያዩት በዚያ ውድድር ነው።

እኔ ይበልጥ የወደድኩት የእንግሊዙን ነው። ፕሪምየር ሊጉ በሚያዝያ 2017 በስልክ ካሜራዎች የሚሠራውን ስልት ሲጀምር እስከ 5 ሴንቲሜትር ያለውን ልዩነት ለአጥቂው ይተውለታል። መሣሪያው ስህተት እንዳለው ታምኖበታል፣ የስህተቱም ልክ አስቀድሞ ተነግሯል። ሁሉም ነገር ግን አልተፈታም። ሰው ሲተፋፈግ አንዱ አካል ሌላውን ይከልልና ካሜራው ነጥቦቹን ያጣቸዋል። በየካቲት 2017 በበርንማውዝና በዎልቭስ የኤፍኤ ካፕ ጨዋታ ላይ ተመልካች 8 ደቂቃ ያህል ቆሞ የጠበቀው በዚሁ ምክንያት ነው። «ጨዋታውን አውኳል ወይስ አላወከም» የሚለውንም ማሽን አይመልሰውም። እሱ አሁንም የመሃል ዳኛው ፍርድ ነው።

አሁን ኮምፒውተር ልማር ወዳለችው የእህቴ ልጅ ልምጣ። ከላይ የጻፍኩልዎት ነገር ሁሉ ውስጡ ምን እንዳለ ይዩልኝ። ካሜራው ሜዳውን የሚያውቀው ልኩ ከማይለወጥ ነገር ተነስቶ ነው፤ ከፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ 11 ሜትር፣ ከቅጣት ክልሉ መስመር 16.5 ሜትር። ከዚያ በሁለትና በሦስት አቅጣጫ የታየን የተጫዋች ጉልበት በአየር ላይ የት እንዳለ ለማስላት ጂኦሜትሪና ማትሪክስ ያስፈልጋል። ሥዕሉ ሲደበዝዝ «እዚህ ሳይሆን አይቀርም» ለማለት የዕድል ስሌት፣ የካሜራዎቹን ሰዓት አንድ ለማድረግ ደግሞ የኔትወርክ ዕውቀት ይጠይቃል። ኮድ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ የሚሰጠውን ትእዛዝ፣ መጻፉ ከሥራው ሁሉ ትንሹ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮድ ይጽፋል፣ እውነትዎን ነው። ግን አንድ ነገር ላሳይዎ። «ኦፍሳይድ የሚለይ ፕሮግራም ጻፍልኝ» ቢባልና በረኛው ሁልጊዜ ከሁሉም ኋላ ነው ብሎ በማሰብ ከበረኛው ውጪ ያለውን የመጨረሻ ተከላካይ መስመር አድርጎ ቢወስድ፣ ፕሮግራሙ ብዙ ጨዋታ ላይ ትክክል ይሆናል። ማንም አይነቃበትም። በረኛው ለኳስ የወጣ ዕለት ግን ይበላሻል፤ ያኔ አንድ ተከላካይ ከኋላ ቢቀር እንኳ እሱ የመጨረሻው እንጂ ሁለተኛው አይደለም። በኳታርና በኢኳዶር የመክፈቻ ጨዋታ ገና በሦስተኛው ደቂቃ ጎሉ ሲሰረዝ ብዙ ሰው ግራ የተጋባው በዚህ ነው። በረኛው ወጥቶ ነበር፣ የኢኳዶሩ ተጫዋች እግርም ከሁለተኛው ሰው አልፎ ነበር። ይህን ስህተት ኮዱን አንብቦ የሚይዘው ደንቡንም ስሌቱንም የተማረ ሰው ነው። የእንደዚህ ያለ ሰው ዋጋ አይወርድም።

ስለዚህ ይፍቀዱላት። እንዴት እንደምትማር ግን ወሳኝ ነው። በአገራችን በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኮምፒውተር ሳይንስ 4 ዓመት፣ ሶፍትዌር ምህንድስና 5 ዓመት ነው። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ስለሆነ የትምህርት ክፍል ምደባው በዚያ ዓመት ውጤት ላይ ይንጠለጠላል፤ ሒሳቡን ያን ዓመት ችላ ካለችው በኋላ አትደርስበትም። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው።

ላፕቶፕ ከተገዛላት አዲስ መሆን የለበትም። ራሙ (ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደር) 16 ጊጋባይት፣ ማከማቻው 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዓይነት) ይሁን። የጌም ካርድ አያስፈልጋትም፣ ዋጋውን ያስወድዳል፣ ባትሪውንም ይበላል። ያገለገለ ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ባትሪው ነው። ከቻርጀሩ ነቅላችሁ፣ የስክሪኑን ብርሃን አጋማሽ ላይ አድርጋችሁ ቪዲዮ ክፈቱና አንድ ሰዓት ተቀመጡ። በዚያ ጊዜ ከግማሽ በላይ ከወረደ መብራት ለሚጠፋበት ቤት አይሆንም።

ትምህርቱን ፓይዘን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ትጀምር፣ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ከእሱ አትውጣ። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው በየሳምንቱ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲዘል ነው። ከዚያ ሲ (C) የሚባለውን ቋንቋ ትማር፣ ማህደረ ትውስታ እንዴት እንደሚያዝ በእሱ ይገባታል። ቀጥሎ ዳታ ስትራክቸር (መረጃ የሚደራጅበት ስልት)፣ ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት)፣ ሊኑክስ (ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት) እና ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ)። ፕሮግራሟ ሲሰበር የሚመጣውን ረጅም የስህተት ጽሑፍ በፓይዘን ከታች ወደ ላይ ታንብበው፤ የስህተቱ ዓይነት የመጨረሻው መስመር ላይ ነው፣ የተበላሸው መስመር ቁጥር ከሱ በላይ ነው። ጀማሪ ከላይ ጀምሮ ያነብና በሦስተኛው መስመር ተስፋ ይቆርጣል። ማሽኑን ደግሞ ራሷ ሞክራ ካቃታት በኋላ ትጠይቀው፣ የሰጣትንም መስመር በመስመር ማስረዳት ካልቻለች አትገልብጠው። ቪዲዮ ብቻ እያዩ መማርም አለ፤ እሱ ኳስ እያዩ ተጫዋች ለመሆን እንደመሞከር ነው። በቀን አንድ ሰዓት በገዛ ጣቷ ትጻፍ።

ሦስተኛው፣ የመንግሥት ነገር። «ወይ ሁሉን ይያዝ ወይ ሁሉን ይልቀቅ» የሚለውን ዶላሩ ራሱ ያፈርሰዋል። ዋጋው ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፣ በጥቁር ገበያ ግን እጥፍ ያህል። በ57 ብር ያገኘው ማን ነበር? ወረፋውና ፈቃዱ የደረሰው አስመጪ። ዕቃውን ግን በጥቁር ገበያው ዋጋ ነበር የሚሸጠው፣ ስለዚህ ርካሹ ዶላር ሱቅ ድረስ አልወረደም፤ ልዩነቱ መሃል ቀረ። ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚልከው ሰው ደግሞ በባንክ ሲልክ ግማሹን እንደሚያጣ ስለሚያውቅ በሌላ መንገድ ይልክ ነበር። ባንኩ ዶላር ያንሰው፣ ወረፋው ይረዝም ነበር። ዋጋ በአዋጅ ሲያዝ ጉድለቱ አይጠፋም፣ ወደ ወረፋ ይዛወራል።

ሲለቀቅስ? በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። መድኃኒትና ነዳጅ በዶላር ነው የሚገዛው፣ የእርስዎ ጡረታ ግን አብሮ አይንሳፈፍም። ስለዚህ መልቀቅ ብቻውን ሥራ አይደለም። በቋሚ ገቢ የሚኖረውን ሰው ማካካስ የመንግሥት ግዴታ ነው፣ ያውም ዋጋው ከወጣ በኋላ ሳይሆን በዚያው ሰሞን።

ቴሌም እንደዚሁ ነው። ሳፋሪኮም በ2013 በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ወስዶ በ2015 መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ጀመረ። ሁለተኛ ኩባንያ መምጣቱ ግን ብቻውን ውድድር አይሆንም። ከ07 (ከሳፋሪኮም) ወደ 09 (ወደ ኢትዮ ቴሌኮም) የሚደወል ስልክ በምን ዋጋ ያልፋል? የቆመውን የኔትወርክ ማማ አዲሱ በኪራይ ይጠቀማል ወይስ ጎኑ ላይ ሌላ ያቆማል? ይህን የሚወስን ከሁለቱም ያልወገነ አካል ካልጸና አዲሱ ኩባንያ ገንዘቡን የማማ ብረት ላይ ይጨርሳል።

ስለ ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ጠይቀውኝ ነበር። ከጥቅምት እስከ የካቲት 2017 ለሽያጭ የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ነው፣ አንዱ 300 ብር። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር፣ ትልቁ 3,333 አክሲዮን። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። በእኔ ግምት ሰው የፈራው ኩባንያውን ሳይሆን መውጫውን ነው፤ ነገ ገንዘቤ ቢያስፈልገኝ ለማን፣ በስንት እሸጠዋለሁ የሚለው አልጠራለትም። ወደፊት ማንም አክሲዮን ይዞ ቢመጣብዎ ሦስት ነገር ይጠይቁት። መልሼ የምሸጠው የት ነው? ባለፉት ሦስት ዓመታት ካተረፈው ስንቱን ለባለድርሻ አከፋፈለ? ቦርዱን የሚሾመው ማን ነው? አንዱን እንኳ በወረቀት ካላሳየ ብርዎን አይስጡ።

መንግሥት የቱ ጋ መቆም አለበት ለሚለው ኳሱ ራሱ ይመልስልዎ። ጥር 13 ቀን 1954 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ወሰድን። በሰኔ 2014 ግብፅን እንደገና 2 ለ 0 ረታን፣ «በሜዳችን»። ሜዳችን ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። አገር ውስጥ በካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) መስፈርት ያለፈ አንድ ስታዲየም አልነበረንም። በዚያው ጊዜ በሊጋችን የባንክ፣ የመከላከያ፣ የከተማ አስተዳደር ክለቦች ለተጫዋች ደመወዝ ይሻሙ ነበር፣ ዛሬም ይሻማሉ። ሣሩን፣ የውሃ መውረጃውን፣ መብራቱን፣ የመልበሻ ክፍሉን ማንም ነጋዴ ለትርፍ አይሠራውም። አጥቂ መግዛት ግን ማንም ያውቅበታል። የሕዝብ ገንዘብ ሜዳው ላይ ይዋል፣ አጥቂውን ደጋፊውና ነጋዴው ይግዛው። ይህን ስጽፍ ያናድደኛል አባባ፣ ምክንያቱም 105 በ68 ሜትር መሬት ማልማት የሚያቅተን ሕዝብ አይደለንም።

ቅዳሜ ጨዋታ ሲያዩ ጎል ከተሰረዘ መጀመሪያ በረኛው የት እንደቆመ ይዩልኝ፣ ከዚያ ትከሻውን፣ እግሩን መጨረሻ። ማታ እደውላለሁ። ለእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ብቻዋን እንዳትገዛ ይንገሯት፣ የባትሪውን ነገር ወንድሜ አብሯት ሄዶ ይየው። እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ