ግዕዝ–አማርኛን ገልብጦ «አማርኛ–ግዕዝ መዝገበ ቃላት» ማለት ተማሪ ማሳሳት ነው

ክቡር አዘጋጅ፣

«አማርኛ–ግዕዝ መዝገበ ቃላት» የሚል ስም ይዘው በስልክ መተግበሪያና በፒዲኤፍ የሚሰራጩ ሥራዎች እየበዙ ነው። ከመካከላቸው ከግዕዝ–አማርኛ መዝገብ በኮምፒውተር ተገልብጠው፣ ማለትም የአማርኛው ፍቺ መሪ ቃል፣ ግዕዙ ደግሞ ፍቺ ሆኖ ተዘዋውረው፣ እንዳሉ የወጡ አሉ፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ሁለት ገጽ ካየ ይበቃዋል። መገልበጡን አንቃወምም፤ ግዕዝ ለሚማር ሰው እጅግ ያስፈልጋል። የምንቃወመው መሃል ላይ ያለውን የሰው ሥራ ዘሎ፣ ፕሮግራሙ ያወጣውን ሳያጣሩ ለተማሪ መስጠትን ነው።

መረጃው በኤክስኤምኤል (የጽሑፍን ክፍሎች በምልክት ለይቶ በሚያስቀምጥ የፋይል ቅርጽ) ከተዘጋጀ እያንዳንዱ የግዕዝ ቃል የራሱ መግቢያ፣ ማለትም ቃሉ ከነፍቺው የተጻፈበት ክፍል፣ አለው። በውስጡ የቃሉ ክፍል፣ በቁጥር የተለዩ ትርጉሞች፣ በየትርጉሙም ሥር የአማርኛ አቻዎች ይቀመጣሉ። በኤክስኤስኤልቲ (ኤክስኤምኤልን ወደ ሌላ ቅርጽ በሚለውጥ ቋንቋ) የሚጻፈው የለውጥ ፋይል አቻዎቹን አንድ በአንድ ያወጣል፣ ተመሳሳዮቹን ይሰበስባል፣ በሥራቸውም የመጡበትን የግዕዝ ቃል ይደረድራል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የቋንቋው ሁለተኛ እትም ለዚህ «ፎር-ኢች-ግሩፕ» የሚባል መመሪያ አለው፤ ሳክሰን የሚባለው ፕሮግራም በነጻ ያስኬደዋል። ኤክስኤስኤልቲፕሮክ የሚባለው ሌላ ፕሮግራም ግን የሚያውቀው የ1999ኙን የመጀመሪያ እትም ስለሆነ፣ እዚያ «ኪይ» እና «ጄኔሬት-አይዲ» የሚባሉትን አጣምሮ መሥራት ግድ ይላል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ኮዱ አጭር ነው፤ ቀላሉም ክፍል ይኸው ነው።

ነበረ የሚለውን የግዕዝ ግሥ እንይ። ተቀመጠ ማለት ነው፤ ኖረ ማለትም ነው። ሐይወ ደግሞ ዳነ፣ ኖረ ተብሎ ይፈታል። ሲገለበጥ «ኖረ» ከሚለው አማርኛ ሥር ነበረ እና ሐይወ ጎን ለጎን ይቆማሉ። አንዱ በአንድ ቦታ መኖርን፣ ሌላው በሕይወት መኖርን እንደሚያመለክት ካልተጻፈ፣ «በአክሱም ኖረ» ለማለት የፈለገ ተማሪ ሐይወን አንሥቶ ቢጽፍ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በግዕዝ–አማርኛው ይህ ችግር አይታይም፤ አንባቢው አማርኛ ስለሚያውቅ አጠገብ ለአጠገብ ከተደረደሩት አቻዎች ትርጉሙን ይለያል። ሲገለበጥ ግን አቻው ከጎረቤቶቹ ተነጥሎ ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ ከመገልበጡ በፊት «በቦታ»፣ «በሕይወት» የሚል አጭር መለያ በየአቻው ላይ መጨመር አለበት። ፕሮግራሙ የሚረዳው ሁለትና ከዚያ በላይ የግዕዝ ቃል የተሰበሰበባቸውን አቻዎች ለይቶ በማውጣት ነው፤ መለያውን የሚጽፈው ግዕዝ የተማረ ሰው ነው።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት የሚመጣው ግን ከፊደል ነው። አማርኛው በአንዱ መግቢያ ውሃ፣ በሌላው ውኃ፣ በሦስተኛው ውሀ ተብሎ ተጽፎ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሦስት ቃል ያደርገዋል። መፍትሔው የሚታየውን ጽሑፍ ሳይነኩ የመሰብሰቢያ ቁልፉን (ኮምፒውተሩ ቃላቱን የሚያነጻጽርበትን የማይታይ ቅጂ) ብቻ «ትራንስሌት» በሚባለው ተግባር ወደ አንድ ሆሄ ማምጣት ነው። የሚተኩት የሐ፣ የኀ፣ የሠ፣ የዐ እና የፀ ሰባት ሰባት ሆሄያት 35 ይሆናሉ፤ ሃ እና ኣ ሲጨመሩ 37። «ትራንስሌት» ሁለቱን ዝርዝሮች (የሚተኩትንና በምትካቸው የሚገቡትን ሆሄያት) የሚያዛምደው በተራ ቦታቸው ስለሆነ፣ ከምትኮቹ ዝርዝር አንዲት ሆሄ ብትጎድል ከእሷ በኋላ ያሉት ሁሉ በአንድ ቦታ ይንሸራተታሉ፤ የመጨረሻዋ ሆሄ ደግሞ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ከየቃሉ ትጠፋለች። የሁለቱን ርዝመት ሆሄ በሚቆጥረው «ስትሪንግ-ሌንግዝ» ሳያመሳክሩ ማስኬድ አይገባም።

ይህ ማስተካከያ በግዕዙ በኩል ፈጽሞ መግባት የለበትም። በግዕዝ ሠረቀ የፀሐይ መውጣት ነው፣ ሰረቀ ሌብነት። ሰአለ ለመነ ነው፣ ሠዐለ ሥዕል ሳለ። በአማርኛ የድምፅ ልዩነት ስለሌላቸው በግዕዙም አንድ ያደረጋቸው ሰው ሁለት ቃል ወስዶ አንድ መለሰ ማለት ነው። ይህን ስሕተት ግዕዝ ገና በሚጀምር ልጅ እጅ ላይ ማየት ያሳዝናል፤ ልጁ የሚያመሳክርበት ሌላ ነገር ስለሌለው አምኖ ይይዘዋል።

አቻዎቹ በአንድ መስመር ታጭቀው ከሆነ አስቀድሞ በነጠላ ሰረዝ መከፈል አለባቸው። በቃላት መካከል የሚገባው ሁለት ነጥብ ለኮምፒውተር ክፍት ቦታ ስላልሆነ፣ ትርፍ ክፍተት የሚያጸዳው «ኖርማላይዝ-ስፔስ» አይነካውም፤ «ሄደ፡» እና «ሄደ» ሁለት መግቢያ ይሆናሉ። ከየፍቺው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ መውሰድ አቋራጭ ይመስላል፤ አርመመ «ዝም አለ» ተብሎ ሲፈታ ግን «ዝም» ብቻ ይቀራል። የመጨረሻውን የወሰደ ደግሞ «አለ» ሥር የማይገናኙ ግሦችን ያከማቻል። የሚሻለው በ«አለ» እና በ«አደረገ» የሚያልቁትን ጥንዶች እንደ አንድ ግሥ መያዝ ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ቃል ያለው ፍቺ አብዛኛውን ጊዜ አቻ ሳይሆን ማብራሪያ ስለሆነ ለብቻው ወጥቶ በሰው ዓይን ይታይ። የንዋየ ቅድሳትና የማዕረግ ስሞች እዚያ ይበዛሉ፤ እነሱን መጣል አይገባም።

ስለ ተራው ብዙ ማለት አያሻም። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት በአበገደ ተራ የተደራጀ ነው፤ በአማርኛ ቃል የሚፈልግ ሰው የለመደው ሀለሐመን ነው። ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ሆሄ የኮድ ቁጥር የሚሰጠው መስፈርት) ፊደላችንን በሀለሐመ ስለደረደረ፣ ከላይ በተባለው ቁልፍ በኮድ ቁጥር መደርደር ይበቃል።

እያንዳንዱ የአማርኛ አቻና የግዕዝ ቃል ጥንድ የመጣበትን ትርጉም መለያ ቁጥር ይዞ ይውጣ። ከመገልበጡ በፊትና በኋላ ያለው የጥንዶች ብዛት እኩል ካልሆነ አንድ ነገር ጠፍቷል። ከዚያ ውጤቱን መልሶ ገልብጦ ከመነሻው ጋር ማነጻጸር የትኛው እንደጠፋ ያሳያል።

ይህ ሁሉ በጥንቃቄ ቢሠራም የሚገኘው ማውጫ ነው። የግዕዙ መዝገብ አዘጋጅ ለፍቺ ያልተጠቀመበት የአማርኛ ቃል በተገለበጠው ውስጥ አይገኝም፤ ድንች ወይም ስልክ ፈልጎ ያጣ ሰው ምክንያቱን ማወቅ አለበት። አውግስጦስ ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ላይፕሲግ ላይ ባሳተሙት የግዕዝ–ላቲን መዝገበ ቃላት መጨረሻ ከላቲን ወደ ግዕዝ የሚመራ ክፍል አለ፤ ርዕሱ ላይ ስሙ «የላቲን ማውጫ» ነው፣ ሌላ ስም አልተሰጠውም። የዛሬዎቹ አዘጋጆችም የፊት ገጹ ላይ «የአማርኛ ማውጫ» ብለው፣ ከየትኛው መዝገብ እንደተገለበጠ፣ ስንት ጥንድ እንዳለውና ከእነዚያም ስንቱን ግዕዝ የሚያውቅ ሰው እንዳየው ይጻፉ። የለውጥ ፋይሉንም አብረው ያውጡት፤ ስሕተት ያገኘ ሰው ከየት እንደመጣ ለማየት ሌላ መንገድ የለውም።

ከአክብሮት ጋር፣
በመዝገበ ቃላት መረጃ ዝግጅት የምንሠራ ባለሙያዎች